ጥቁር መኪና በ2 ጀሪካን ውሃ ኮንዶሚኒየም ግቢ ውስጥ ማጠብ፦ ጭረቱና ነጭ ነጠብጣቡ በምን ይጠፋል?

ጥያቄ፦ ባለ ጥቁሯ ኮሮላ

ሰላም ለሁላችሁ። መኪናዬ ጥቁር ኮሮላ ናት፤ አያት ኮንዶሚኒየም ግቢ ውስጥ ሜዳ ላይ ነው የምታድረው። ከአጥሩ ማዶ ሕንጻ እየተሠራ ስለሆነ ጠዋት ግራጫ አቧራ ለብሳ አገኛታለሁ። ውሃ በፈረቃ ስለሆነ የውሃ ጎማ ዘርግቶ ማጠብ አይፈቀድም፤ ለአንድ እጥበት ያለኝ 2 ጀሪካን፣ ማለትም 40 ሊትር ነው። እስካሁን በኦሞና በስፖንጅ ነበር የማጥባት። አሁን ሦስት ነገር አስቸግሮኛል። ፀሐይ ሲያርፍባት ኮፈኑ ላይ የሸረሪት ድር የሚመስል ጭረት ይታያል። ከታጠበች በኋላ ነጫጭ ነጠብጣብ ይቀራል። ሦስተኛ፣ የግቢው ጥበቃ ጋሼ ጠዋት ጠዋት የሁላችንንም መኪና በእርጥብ ጨርቅ ይወለውላሉ፤ ይኼ ይጎዳት ይሆን? ላቫጆ መውሰዱን አውቀዋለሁ፤ እኔ የምፈልገው እዚሁ ግቢ ውስጥ በወጉ ማጠብ ነው።

ሰማያዊ ባልዲ

እህቴ፣ ከጭረቱ እንጀምር። ያንን በዋናነት ያመጣው ኦሞው ሳይሆን አቧራው ነው። የግንባታ አቧራ ውስጥ አሸዋና የተፈጨ ድንጋይ አለ፤ አሸዋው ውስጥ ያለው ኳርትዝ የመኪና ቀለም ይቅርና መስታወት ይጭራል። ስፖንጅ ደግሞ ፊቱ ለጥ ያለ ስለሆነ ደቃቁን ድንጋይ ወደ ውስጥ አይውጠውም፤ በራሱና በቀለሙ መካከል ይዞት ይሄዳል። ጭረቱ በእርግጥ ክብ አይደለም፤ በየአቅጣጫው የተሰመረ ነው። ብርሃን ሲያርፍበት ነው ክብ መስሎ የሚታየው፤ ጥቁር ቀለም ላይ ደግሞ ከሁሉም ይብሳል።

ስለዚህ እጅሽ ቀለሙን ከመንካቱ በፊት አብዛኛው አቧራ በውሃ ብቻ መውረድ አለበት። ይኼን ከያዝሽ 40 ሊትር ይበቃሻል። 4 ሊትር ለቸርኬና ለጎማ፣ 12 ሊትር ለመጀመሪያው ማውረጃ፣ 8 ሊትር ለሻምፖ ባልዲ፣ 8 ሊትር ለማለቅለቂያ ባልዲ፣ የቀረው 8 ሊትር ለመጨረሻው ማጥሪያ። ማውረጃውን በጆግ አትድፊው፣ ያልቅብሻል። ለአትክልት የሚሆን በእጅ የሚነፋ 5 ወይም 8 ሊትር የሚይዝ መርጫ ግዢ። አዲስ ይሁን፤ የአረም ወይም የተባይ መድኃኒት የነካው መርጫ እዚህ ሥራ ውስጥ አይገባም።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ጠዋት ከ12 እስከ 2 ሰዓት ወይም ከቀኑ 11 ሰዓት በኋላ፣ ጥላ ውስጥ። የእጅሽን ጀርባ ኮፈኑ ላይ አድርጊ፤ ትኩስ ከሆነ ጠብቂ፣ ሻምፖው ሳይታጠብ ይደርቅብሻል። መጀመሪያ ቸርኬውን በራሱ ብሩሽና በራሱ ውሃ እጠቢ፤ ከፍሬን ሸራና ዲስክ የሚወጣው የብረት ብናኝ ያለበትን ብሩሽም ሆነ ጨርቅ ወደ ቦዲው አታምጪው። ቀጥሎ ከጣሪያው ጀምረሽ ቀስ እያልሽ ወደ ታች እርጪ፣ አንድ ሦስት ደቂቃ ተዪው፣ አቧራው ሲለሰልስ እንደገና እርጪ። ከዚያ ነው ሻምፖው።

የሻምፖው መጠን እንደ ጠርሙሱ ይለያያል፤ ብዙዎቹ ግን ለ8 ሊትር ውሃ 30 ሚሊ ሊትር አካባቢ ነው የሚጠይቁት፣ ሁለት የሾርባ ማንኪያ ማለት ነው። ሲበዛ አረፋው በመጨረሻው 8 ሊትር አይለቅም። በማይክሮፋይበር ጓንት ጣሪያውን፣ መስታወቱን፣ ኮፈኑን፣ በሮቹን ከመካከል በላይ፣ በመጨረሻም የበሩን ታች፣ ፓራፋንጎውንና የኋላውን። ክብ ሳይሆን ቀጥ ባለ መስመር፣ ሳትጫኚ። አንድ ክፍል በጨረስሽ ቁጥር ጓንቱን ማለቅለቂያው ባልዲ ውስጥ አጥበሽ፣ ጨምቀሽ፣ ወደ ሻምፖው መልሺው። ሲያልቅ የማለቅለቂያውን ባልዲ ወለል እዪው፤ እዚያ የተኛው አሸዋ ሁሉ ቀለምሽ ላይ ሊሰመር የነበረ ነው።

ጓንቱ መሬት ከወደቀብሽ የዚያን ቀን ተዪው። በውሃ አለቅልቆ መመለስ አይቻልም፤ ጠጠር በክሩ መሃል ይቀራል።

ከ30 ዓመት ቀለም ቤት

ልጄ፣ የተነገረሽ ትክክል ነው። ስለ ኦሞ ግን ልጨምር። ኦሞ ለልብስ የተሠራ አልካሊ (የአሲድ ተቃራኒ) ነው። አንድ ቀን ብትጠቀሚበት ቀለም አይልጥም፤ ነገር ግን ያለውን ሰም ጠርጎ ይወስደዋል፣ ጎሚኒውንና ጥቁሩን ፕላስቲክ ያደርቀዋል፣ አሉሚኒየም ቸርኬ ላይ ሲቆይ ያደበዝዛል። በቀዝቃዛ ውሃ ደህና አድርጎ ያልሟሟ ዱቄቱ ራሱም ይጭራል።

ነጩን ነጠብጣብ በሁለት ለይተሽ እዪው። አንደኛው ከውሃው ነው። ውሃው ሲተን ካልሲየሙና ማግኒዚየሙ ቀለሙ ላይ ይቀራል፤ የጉድጓድ ውሃ የሚደርሳቸው ሰፈሮች ላይ ይኼ ይበረታል። ሁለተኛው የሲሚንቶ ነው፣ ያንቺም ያ ይመስለኛል። ማታ የሰፈረው ሲሚንቶ ሌሊት ጤዛ ሲያገኘው ኃይለኛ አልካሊ ይሆናል፤ ፀሐይ ሲመታው ደግሞ እዚያው ይጠነክራል። ጠዋት ግራጫ አቧራ ካየሽ በትንሽ ውሃ አታርጥቢው፤ ወይ በደንብ አውርጂው ወይ ደረቁን ተዪው። ከግቢው አጠገብ ጎሚስታ ካለ በኮምፕሬሰሩ፣ አፍንጫውን ከ30 ሳንቲ ሜትር ሳያስጠጋ፣ ቢነፋልሽ ግማሹ ይሄዳል።

የቀረውን ነጠብጣብ ለማንሳት አቼቶ በቂ ነው። አንድ እጅ አቼቶ፣ አንድ እጅ ንጹሕ ውሃ። መኪናዋ ታጥባ፣ ቀለሙ ቀዝቅዞ፣ ጥላ ውስጥ። በማይክሮፋይበር ነክረሽ ነጠብጣቡ ላይ 2 ደቂቃ አሳርፊው፤ እንዳይደርቅ። አትፈትጊ፤ ሲሚንቶ ከሆነ በአሲዱ ራሱ ይለቃል። ካልለቀቀ ድገሚው። ከዚያ በሻምፖ ውሃ አጥበሽ አጥሪው። ቀለሙ ተሰንጥቆ ላሜራው የታየበት ቦታ ላይ አታስነኪው፣ ያዝገዋል። አቼቶው ሰሙንም ስለሚያነሳ ያንን ቦታ መልሰሽ ሰም ማድረግ አለብሽ።

በሁለተኛው ሙከራም ካልሄደና ጥፍርሽ ጎድጓዳ ከተሰማው ግን ቀለሙን በልቶታል ማለት ነው፤ የፖሊሽ ጉዳይ ይሆናል።

የለቡ ሹፌር

ይቅርታ፣ ሻምፖ ለመግዛት ሩቅ ለሆነባቸው፦ ላርጎ ትንሽ ጠብ አድርጎ ማጠብ ምን ይላል? አልካሊነቱ እንደ ኦሞ ከባድ አይደለም።

ሰማያዊ ባልዲ

ወንድሜ፣ አንዳንዴ ቢሆን ችግር የለውም፤ እንዲያውም አዲስ ሰም ከማድረግ በፊት አሮጌውን ለማንሳት ጥሩ ነው። በየሳምንቱ ከሆነ ግን ሰም አይሰነብትም። ሌላው ልዩነት ማንሸራተቱ ነው። የመኪና ሻምፖ ጓንቱን የሚያንሸራትት ነገር አለበት፤ የቀረች ጠጠር ብትኖር ሳትጫን ታልፋለች። ላርጎ ስብ ቆርጦ እንዲያነሳ እንጂ እንዲያንሸራትት አልተሠራም። የመኪና ዕቃ የሚሸጥበት ሶማሌ ተራ ብትሄድ አንድ ሊትር ሻምፖ ታገኛለህ፤ በ30 ሚሊ ሊትር ሂሳብ 33 እጥበት ነው።

እማማ ቪትዝ

ስለ ጥበቃው ጋሼ የመለሰላት የለም። ያ ዋናው ጉዳት ሊሆን ይችላል። አንድ ባልዲ ውሃ፣ አንድ ጨርቅ፣ 15 መኪና፤ የመጀመሪያው መኪና አሸዋ በሙሉ አሥራ አምስተኛው ላይ ይሰመራል። በሳምንት 6 ቀን ሲደጋገም አስቢው፤ አንቺ በወር 2 ጊዜ ተጠንቅቀሽ ማጠብሽ ምን ያደርጋል? በላባ ማራገፊያ ደረቁን መጥረግም ያው ነው።

ግን ደግሞ የምትሰጫቸውን እንዳታስቀሪባቸው፣ ልጄ። ሥራውን ለውጪላቸው። «ጋሼ፣ ቀለሙ ተጎድቶብኛልና ቦዲውን ይተዉልኝ፤ መስታወቱን፣ ስፖኪዮውንና ቸርኬውን ብቻ» በያቸው። ለመስታወት አንድ፣ ለቸርኬ አንድ፣ ቀለማቸው የተለያየ ሁለት ጨርቅ ስጪያቸው። ይገባቸዋል፤ ሥራውም ይቀልላቸዋል።

ልብስ አልብሶ ማሳደርም የሚመክሩ አሉ። አቧራ ያለባት መኪና ላይ ልብስ ካለበስሽ፣ ነፋሱ ልብሱን ሲያወዛውዘው ሌሊቱን ሙሉ በአሸዋ ስትታሽ ታድራለች። ታጥባና ደርቃ ካልሆነ አታልብሻት።

ቨርጂኒያ ያለሁ

እዚህም አፓርታማ የሚኖር ሰው የውሃ ጎማ መዘርጋት ስለማይፈቀድለት ብዙው ማለቅለቅ የማይፈልግ ማጠቢያ ይጠቀማል። በ8 ሊትር ውሃ 30 ሚሊ ሊትር ብቻ ይገባል፤ ውስጡ ያለው አንሸራታች ኬሚካል (ፖሊመር) ቆሻሻውን ከቦ ያንሸራትተዋል፣ ከዚያ በደረቅ ጨርቅ ይወለወላል እንጂ በውሃ አይለቀለቅም። ከዚያው ባልዲ ትንሽ ወደ መርጫው ጨምሪና የምታጸጂውን ክፍል መጀመሪያ እርጪው። 8 ጨርቅ ነክረሽ ለየክፍሉ አዲስ ጨርቅ ተጠቀሚ፤ የቆሸሸው ወደ ባልዲው አይመለስም። የሚመጣ ዘመድ ካለ አንድ ጠርሙስ ሻንጣ ውስጥ አይከብድም።

ከ30 ዓመት ቀለም ቤት

ለበጋ ስስ አቧራ ይሁን። ክረምት ላይ ጭቃ ተለጥፎ ደርቆ ሳለ ግን በዚህ ዘዴ አትንኪው፤ ያንን የሚያወርደው ብዙ ውሃ ብቻ ነው። ከሰኔ እስከ መስከረም ባለው ጊዜ የሚብሰው ደግሞ የማይታየው ነው። ፓራፋንጎው ውስጥ የተከማቸ ጭቃ እርጥበት ይዞ ይቆያልና ላሜራው የሚዝገው ከዚያ ነው። በሮቹ ሥር ያሉትን የውሃ መውጫ ቀዳዳዎች በክብሪት እንጨት ክፈቻቸው፤ ከፊት መስታወቱ ሥር የተሰበሰበ ቅጠልም አንሺ።

ከሥር ናፍጣ ወይም የተቃጠለ ዘይት እንርጭልሽ ቢሉሽ እምቢ በይ። ለአንድ ቀን ያብለጨልጫል፤ ከዚያ ዘይቱ አቧራ ሰብስቦ ሊጥ ይሠራል፣ ጎሚኒዎቹንም ያሳብጣቸዋል።

ባለ ጥቁሯ ኮሮላ

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ፣ የቀለም ቤቱ ጋሼ ደግሞ እርስዎን በተለይ። ሁለት ነገር ልጠይቅ። አሁን ያለውን ጭረት ፖሊሽ ቢደረግ ይጠፋል? የወፍ ኩስና ከአስፋልት የሚረጨው ሬንጅስ?

ከ30 ዓመት ቀለም ቤት

ፖሊሽ ጭረቱን አይሞላውም፤ ዙሪያውን ዝቅ አድርጎ ነው የሚያጠፋው። ከቀለሙ በላይ ያለው ክሊር ውፍረቱ 40 ወይም 50 ማይክሮን ነው፣ ከሰው ፀጉር የሳሳ። አንድ ፖሊሽ ከዚያ ላይ ጥቂት ማይክሮን ይወስዳል። ስለዚህ በዓመት በዓመቱ የሚደረግ አይደለም፤ አጠባበሽን ካስተካከልሽ በኋላ አንድ ጊዜ ይደረግና ከዚያ በሰም ይጠበቃል። አጠባው ሳይስተካከል ቢደረግ በሁለት ወር ጭረቱ ይመለሳል፣ ክሊሩ ግን አይመለስም።

የምታሠሪው ሰው ምን ማሽን እንደያዘ እዪ። ብረት መቁረጫው ፍሌክስ ላይ ሱፍ ገጥሞ ከመጣ አታስነኪው። ያ በደቂቃ 11 ሺህ አካባቢ ይዞራል፤ የኮፈኑን ጠርዝ በሰከንዶች አቃጥሎ ከሥር ያለውን አንቲ ሩጅ (ዝገት መከላከያ ቀለም) ያወጣል። የፖሊሽ ማሽን ፍጥነቱ የሚስተካከል ነው፣ ከ2 ሺህ በታች ይሠራል። የውፍረት መለኪያ ካለው ያስለካ፦ የፋብሪካ ቀለም በጠቅላላው ከ100 እስከ 150 ማይክሮን ነው። ብዙ መቶ ካሳየ እዚያ ቦታ ስቱኮ ወይም ድጋሚ ቀለም አለ፤ ሠሪው አስቀድሞ ማወቅ አለበት። በቅርቡ የተቀባ ክፍል ካለ ደግሞ ቢያንስ 30 ቀን ሰም አታድርጊበት፤ ውስጡ ያለው ቲነር ገና እየወጣ ነው።

ሰማያዊ ባልዲ

የወፍ ኩስ አሲድ አለበት፤ በአዲስ አበባ ፀሐይ በአንድ ቀን አሻራውን ይተዋል። ሶፍት በውሃ ነክረሽ 10 ደቂቃ አልብሺው፣ ሲለሰልስ ወደ ላይ አንሺው እንጂ አትጥረጊው። የዛፍ ሙጫ ከሆነ ከፋርማሲ የሚገዛው 70 በመቶ አልኮል ይለቅቀዋል። ሬንጅ በላምባ ነው፦ ጨርቅ ላይ ጥቂት፣ አንድ ደቂቃ ይቀመጥ፣ ይጠረግ፣ ወዲያው በሻምፖ ይታጠብ። ሞተሩ ቀዝቅዞ፣ ሲጋራም እሳትም በሌለበት። ቲነር ግን በፍጹም፤ ድጋሚ የተቀባ ቀለም ላይ ካረፈ ቀለሙን ያሟሟዋል። አልኮሉንም ላምባውንም አስቀድመሽ በማይታይ ጥግ ላይ ሞክሪ።

ሰሙን በዓመት ቢያንስ 2 ጊዜ አድርጊ፦ ግንቦት መጨረሻ ላይ ከክረምቱ በፊት፣ አንዴ ደግሞ መስከረም ላይ። ካርናውባ (ከዘንባባ ቅጠል የሚገኝ ሰም) ከሆነ ከ1 እስከ 3 ወር ስለሚቆይ መሃል ላይ ትደግሚያለሽ። ለአንድ በር የአንድ ብር ሳንቲም የምታክል ትበቃለች፤ ወፍራም ሲሆን አይደርቅም፣ አቧራ ይይዛል። ውሃ ስትረጪበት ድብልብል ብሎ መውረዱን ሲተው ሰሙ አልቋል።

ጨርቆቹን ለብቻቸው በፈሳሽ ሳሙና እጠቢ፣ ከጥጥ ልብስ ጋር አታቀላቅያቸው፤ ብናኙን ይሰበስባሉ። ማለስለሻ አይገባም፤ ክሩን ስለሚሸፍነው ውሃ መምጠጥ ይተዋል። ግቢው አቧራማ ስለሆነ ቤት ውስጥ አድርቀሽ በፌስታል ቋጥረሽ አስቀምጪ። መኪናዋን አድርቀሽ ስትጨርሺ ደግሞ 5 ደቂቃ ንጂያት፣ ፍሬኑን በስሱ እየነካሽ፤ ዲስኩ ላይ ውሃ ይዛ ካደረች ጠዋት ዝገት ይዞት ይጮህብሻል።