ኮንፊገር በቢልድ ፓርቲሽኑ ላይ እምቢ አለኝ

ጥያቄ፦ ሰላም ለሁላችሁ። ሊኑክስ ላይ ሶርሱን (የፕሮግራሙን ምንጭ ኮድ) ሆም ላይ ትቼ ቢልዱን (ኮዱ ወደ ፕሮግራም ሲቀየር፣ ማለትም ኮምፓይል ሲደረግ፣ የሚወጡትን ፋይሎች) ለብቻው ፓርቲሽን (የዲስክ ክፍል) ሰጠሁት። ኮንፊገር (ከኮምፓይል በፊት ሲስተሙን የሚፈትሸው ስክሪፕት) ግን «ኮምፓይል የተደረገውን ፕሮግራም ማስኬድ አልቻልኩም» ብሎ ይቆማል። ኮምፓይለሩ ደህና ነው። ምን ይሆን?

መልስ 1፦ ፓርቲሽኑ ኖኤግዜክ (ፕሮግራም እንዳይሄድበት የሚከለክል አማራጭ) ሆኖ ማውንት ተደርጓል (ከሲስተሙ ጋር ተያይዟል)። ኤፍኤስታብን (የማውንት አማራጮች የተጻፉበትን ፋይል) እየው፤ «ዩዘር» የሚለው አማራጭ ብቻውን ኖኤግዜክን ይዞ ይመጣል። ከኋላው «ኤግዜክ» ጨምርና ሪማውንት (እንደገና ማውንት) አድርግ። ኮንፊገር ስለ ክሮስ ኮምፓይል (ለሌላ ዓይነት ማሽን ኮምፓይል ስለማድረግ) የሚሰጠውን ምክር እንዳትከተል፣ ችግሩን ይሸፍነዋል እንጂ አይፈታውም።

መልስ 2፦ የሶርሱን ፋይል ከቢልዱ ጋር በሊንክ የምታገናኝ ከሆነ፣ ሃርድ ሊንክ (ለአንድ ፋይል የሚሰጥ ተጨማሪ ስም) ከፓርቲሽን ፓርቲሽን አይሻገርም፤ ሲምሊንክ (ወደ ፋይሉ የሚጠቁም አቋራጭ) ተጠቀም። ፓርቲሽኑ ኤክስት 4 (የሊኑክስ ፋይል ሲስተም) ከሆነ ስለ አይኖድም (የእያንዳንዱ ፋይል መረጃ የሚያዝበት መዝገብ) አስብ፦ ቁጥሩ ፎርማት ሲደረግ ይወሰናል፣ በተለምዶ በየ16 ኪሎባይቱ አንድ ነው። ትናንሽ ፋይል ሲበዛ ዲስኩ ሳይሞላ «ቦታ የለም» ይልሃል።

ጠያቂው፦ «ዩዘር» ነበር፣ ተፈታ። እግዜር ይስጥልኝ!

መልስ 3፦ ሶርሱ ውስጥ ቀድሞ ኮንፊገር ተደርጎ ከነበረ መጀመሪያ እዚያው ሜክ ዲስትክሊን (የቀድሞውን ኮንፊገርና ቢልድ የሚያጸዳ ትእዛዝ) በል፤ አለዚያ ከውጭ ቢልድ ማድረጉን አይቀበልህም።