ከአከርካሪ ጉዳት በኋላ ሥራ የጀመራችሁ፣ በእርግጥ ይለያል?

ኤሌክትሪሺያኑ (አዲስ አበባ)፦

ሰላም ለሁላችሁ። ሙያዬ ኤሌክትሪክ ነው። ሕንፃ ላይ መስመር ስዘረጋ ከስካፎልዲንግ ወድቄ አከርካሪዬ ተጎዳ፤ ቲ 12 ነው ያሉኝ፣ ከደረት አከርካሪ የመጨረሻው አጥንት ማለት ነው። እግሬ አይታዘዘኝም፣ እጄ ግን እንደ ድሮው ነው። በዊልቸር ነው የምንቀሳቀሰው።

ቤት ውስጥ የጎደለብኝ ነገር የለም። ባለቤቴ ታስተምራለች፣ ታላቅ ወንድሜ ከዱባይ ይልክልናል። ሁሉም «አንተ ብቻ ጤናህን ጠብቅ፣ ስለ ገንዘብ አታስብ» ነው የሚሉኝ። ከፍቅር እንደሆነ አውቃለሁ። ግን ጠዋት ሁሉም ወጥተው በሩ ከተዘጋ በኋላ ቀኑ አልገፋ ይለኛል።

ባለፈው የጎረቤታችን ቤት መብራት ጠፋ። ጎረምሳ ልጃቸውን ብሬከሩ ጋ አቁሜ፣ እኔ በር ላይ ሆኜ ይሄን ንቀል ያን ሰካ እያልኩ አንድ በአንድ አስፈተሽኩት። ችግሩ የእንጀራ ምጣዱ ሶኬት ነበር። በቀጭን ሽቦ ዘርግተውት ጥቁር እስኪሆን ቀልጧል። እትዬ ሲመርቁኝ ደስ ይላል፣ ግን ልቤ የሞላው «ስንት ቁጥር ሽቦ ልግዛ?» ብለው ሲጠይቁኝ ነው። የዚያን ቀን ማታ እንቅልፍ ወሰደኝ።

አሁን የኤሌክትሪክ ዕቃ መደብር ያለው ወዳጄ ደንበኛ እያማከርክ፣ የዕቃ መዝገብ እየያዝክ አብረኸኝ ሥራ አለኝ። ሚኒባስ ዊልቸር ስለማይጭንልኝ ኮንትራት ታክሲ ነው የምይዘው፤ ከደመወዙ የታክሲው ሲቀነስ ብዙም አይተርፍም። ወንድሜ «ታዲያ ምን አደከመህ?» ሲለኝ መልስ አጣሁ። እስኪ ያለፋችሁበት ንገሩኝ።

ባለሞባይሏ (ሐዋሳ)፦

በጣም ይለያል ወንድሜ። እኔ በመኪና አደጋ ነው የተጎዳሁት፣ አሁን ሞባይል እጠግናለሁ። መንገድ ላይ ሳልለምናቸው ጭኔ ላይ ብር ጥለው የሚሄዱ ሰዎች አሉ። ክፋት የላቸውም፣ ግን ቤቴ እስክገባ ያንገበግበኛል። ሱቄ ውስጥ ግን ያው ሰው «ስክሪን ለመቀየር ይሄ ሁሉ? ቀንሺ እንጂ!» ብሎ ይሟገተኛል። ደስ ሲለኝ! ያዘነልኝ ሰው በዋጋ አይከራከረኝም። ለእናቴ በራሴ ብር ዘይት ገዝቼ ስገባ የሚሰማኝን ደግሞ ልነግርህ አልችልም።

አንድ ነገር ግን አደራ። የጋለ ነገር ጭንህ ላይ አታስቀምጥ፤ ካውያም ይሁን ላፕቶፕ፣ ሻይም ቢሆን። እኛ ሳይሰማን ነው የሚያቃጥለን፣ ቁስሉ ደግሞ ቶሎ አይድንም።

ሲስተር፦

ነርስ ነኝ፣ የአከርካሪ ጉዳት ያለባቸውን ለዓመታት አስታምሜያለሁ። ሥራ ከድሮም ከሕክምናው ጋር የሚሄድ ነገር ነው። ዶክተር ሉድቪግ ጉትማን በ1944 እ.ኤ.አ. እንግሊዝ ስቶክ ማንደቪል ሆስፒታል የአከርካሪ ጉዳት ክፍል ሲከፍቱ፣ ሕሙማኑን እዚያው እንጨት ሥራና ሰዓት ጥገና ያስጀምሯቸው ነበር። ያኔ ብዙ ሐኪም ተስፋ የቆረጠባቸው ሰዎች ናቸው።

ግን ሥራ የጀመሩ ሰዎች ታመው ሲመለሱም አያለሁ፣ አብዛኛውን ጊዜ በሽንት ቤት ምክንያት ነው። የሚገቡበት ሽንት ቤት ስለሌለ ቀኑን ሙሉ ውሃ አይጠጡም። ከዚያ ኢንፌክሽን፣ ሲቆይ ደግሞ የኩላሊት ጉዳት ይመጣል። በካቴተር (በሽንት ማስወጫ ቱቦ) የምትሸና ከሆነ ብዙውን ጊዜ በየ4 እስከ 6 ሰዓቱ ነውና፣ መደብሩ ውስጥ የሚዘጋ ንጹሕ ቦታና የእጅ መታጠቢያ መኖሩን አስቀድመህ አረጋግጥ። ደንበኛ በዛ ብለህ ሳትነሳ አትዋል። በየ15 እስከ 30 ደቂቃው በእጅህ ተደግፈህ መቀመጫህን አንሳ፣ ወይም ወደ ጎን ዘንበል በል። ማታ ባለቤትህ ቆዳህን ትይልህ። የመኝታ ቁስል ከያዘህ ወራት አልጋ ላይ ያውልሃል፣ ሥራውም ይቀራል።

የዲሲው ዲስፓቸር፦

እኔ ትራክ እነዳ ነበር። አንገቴ ላይ ነው የተጎዳሁት፣ ጣቶቼ በደንብ አይሠሩም። አሁን ቤቴ ሆኜ ለሀበሻ ሾፌሮች ጭነት እፈልጋለሁ፣ ከደላላ ጋር በዋጋ እከራከራለሁ። እዚህ አሜሪካ ትልቁ ፍርሃት ሥራ ከጀመርኩ የመንግሥት ድጎማውና የሕክምና ሽፋኑ ይቋረጣል የሚለው ነው። በዚህ ፍርሃት ቤት የቀሩ ወገኖች አውቃለሁ። ኤስ ኤስ ዲ አይ (የአካል ጉዳተኞች የሶሻል ሴኩሪቲ ክፍያ) የምታገኙ፣ 9 ወር የሙከራ ጊዜ አላችሁ፤ ሠርታችሁም ክፍያው አይቀርም። ሜዲኬሩም (የመንግሥት የሕክምና ሽፋኑ) ከዚያ በኋላ ለዓመታት ይቀጥላል። ሳትጠይቁ አትቅሩ።

ላንተ ወንድሜ፣ ሌሊት ቴክሳስ ላይ ጎማ የፈነዳበት ሾፌር «ኧረ ድረስልኝ!» ብሎ ሲደውል፣ ሚስቴ የደከመ ፊቴን እያየች ዝም ትላለች። ይገባታል።

የዕድሩ ጸሐፊ (ደብረ ብርሃን)፦

እኔ ትንሽ ለየት ያለ ነገር ልበል። ደመወዝ የለኝም። ከጉዳቴ በኋላ የቀድሞ መሥሪያ ቤቴ ፎቅ ላይ ነው፣ አይመችህም ብሎ ሸኘኝ። የሰፈሬ ዕድር ጸሐፊ ነኝ፤ መዋጮ እመዘግባለሁ፣ ለቅሶ ሲኖር የምደውለው እኔ ነኝ። ድንኳኑ ሳይተከል ካደረ የሚጠየቀው ሌላ ሰው አይደለም። ለእኔ ይሄ ሥራ ነው። ስለዚህ የመደብሩ ነገር ባይሳካ ከሰው በታች ሆንኩ እንዳትል። አካሉ ጨርሶ የማይፈቅድለት ወንድም እህትም ይህን ያነባልና ነው።

መብትህን ግን እወቅ። አዋጅ ቁጥር 568/2000 አሠሪ የሥራ ቦታውን ለአካል ጉዳተኛ ምቹ እንዲያደርግ ያስገድዳል። አድልዎ ተፈጽሞብኛል ብለህ ስትከስ ደግሞ አድልዎ አለማድረጉን የማስረዳት ሸክሙ የአሠሪው ነው። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅም (624/2001) ሽንት ቤቱን ሳይቀር አንስቷል። ይሄን ቀድሜ ባውቅ ዝም ብዬ አልወጣም ነበር። አንተ የወደቅከው ደግሞ ሥራ ላይ ነው። ካሳ ካልጠየቅክ ጊዜው ሳያልፍ የሕግ ባለሙያ አማክር።

ኤሌክትሪሺያኑ፦

እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ሁላችሁንም። ሲስተር፣ የሽንት ቤቱን ነገር ለወዳጄ ለማንሳት አፍሬ ነበር፤ ጽሑፍሽን እንዳለ ላኩለት። ከኋላ ያለውን ዕቃ ማስቀመጫ አጽድቶ በር ሊያስገጥምልኝ ነው፣ ውሃም እዚያው አለ። ለወንድሜም ደውዬ የምጣዱን ሶኬት ታሪክ ነገርኩት። ዝም ብሎ ሰማኝና «እሺ፣ ለጊዜው የታክሲውን እኔ ልቻል» አለኝ።

መግቢያው ላይ ሁለት ደረጃ አለ። ብየዳ ቤት የብረት ራምፕ ላሠራ ነው። ዝናብ ሲመጣ እንዳያንሸራትት ላዩ ላይ ምን ያስደረጋችሁ አላችሁ?