«ራሷ መርጣለች» ለምትሉን

የከዚራ ልጅ፦ ትናንት ድሬዳዋ፣ ከዚራ ዛፍ ሥር ሻይ ይዘን አንዷ ጓደኛችን «የትዋይላይቷ ቤላ የማንም መጫወቻ አይደለችም፣ ራሷ መርጣለች» ብላ ወሬውን ዘጋችው። ትዋይላይት ቫምፓየር፣ ማለትም ደም የሚጠጣ የማይሞት ፍጡር፣ ስለወደደች ልጅ የተጻፈ ልብ ወለድ ነው። ሌሊቱን ሲያንገበግበኝ አደረ። ልጅቷ 17 ዓመቷ ነው። ፍቅረኛዋ ቫምፓየሩ ኤድዋርድ በፈረንጅ 1901 የተወለደ ነው። ሳታውቀው በሌሊት ክፍሏ እየገባ ተኝታ ያያታል። ይሄ ነው ፍቅሩ?

ሳቢያን፦ ያልኩት እኔ ነኝ፣ አሁንም እላለሁ። ቫምፓየር ልሁን ያለችው እሷ ናት። እምቢ ያለው እሱ ነው። በመጨረሻው መጽሐፍ ሁሉንም በአእምሮዋ ጋሻ የሸፈነቻቸው ማን ናት? ሴት «ፈለግኩ» ስትል ለምን አታምኗትም?

የከዚራ ልጅ፦ «መርጣለች» ትያለሽ። ካላገባሽኝ አልለውጥሽም ብሏታል እኮ! ወደ ጓደኛዋ ጄኮብ እንዳትሄድ ከመኪናዋ ሞተር ዕቃ ፈቶባታል። የእህቴ ባል እናታችን ጋ እንዳትመጣ ጫማዋን ቁም ሳጥን አናት ላይ ይደብቅ ነበር። አንድ ቀን አንዱ ሰማያዊ፣ አንዱ ቀይ ነጠላ ጫማ አድርጋ የደቻቱን ወንዝ ተሻግራ መጣች። እሱም «ስለምወዳት ነው» ይል ነበር።

ጀጎል፦ እኛ ሐረር ጅብ እናበላለን። በአሹራ ገንፎ እንሰጠዋለን። ማታ በግንቡ ቀዳዳ፣ በወራባ ኑዱል ይገባል፣ ይወጣል። መኝታ ቤት ቢገባ ግን «ወዶኝ ነው» የሚል የለም።

መጋላ፦ አቦ ጅቡን ተወው! ደግሞ ቫምፓየር ማለት የኛው ቡዳ ነው።

ጀጎል፦ ቡዳ አትበል። በዚህ ቃል ስንት ቀጥቃጭና ሸክላ ሠሪ ተገፍቷል። ጅብ ሌላ፣ ሰው ማግለል ሌላ።

መጋላ፦ እኔ ማንን አገለልኩ? ቃሉን ነው ያነሳሁት።

ሳቢያን፦ ወደ ነገሩ ተመለሱ። ደራሲዋ በፈረንጅ 2015 ታሪኩን ገልብጣ ጻፈችው። ሴቷ ቫምፓየር፣ ልጁ ሰው። ጉዳዩ የወንድና የሴት አይደለም ማለት ነው።

የከዚራ ልጅ፦ እሱን ስላነሳሽ ደስ ብሎኛል። ልጁ እዚያው መጽሐፍ መጨረሻ ላይ ቫምፓየር ሆነ። ሠርግ የለ፣ እርግዝና የለ። ቤላ ግን አራተኛውን መጽሐፍ ጠበቀች። አገባች፣ አረገዘች፣ ስትወልድ ልትሞት ደረሰች፣ ከዚያ ነው የተለወጠችው። ምርጫዋ ለምን ይሄን ያህል አስከፈላት?

የድሮ ጠበቃ፦ ልጆች፣ ይህን «ራሷ መርጣለች» የሚል ቃል አውቀዋለሁ። በ1949ኙ የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ የተጠለፈች ልጅ ጠላፊዋን «በፈቃዷ» ካገባች ክሱ ይቀር ነበር። ይህን ያስቀረው በ1997 ሥራ ላይ የዋለው አዲሱ ሕግ ነው። ያን ፈቃድ ማን ጠይቋት ያውቃል?

ሳቢያን፦ ጋሼ፣ አክብሮቴ እንዳለ ነው። ቤላን ግን ማንም አልጠለፋትም።

የድሮ ጠበቃ፦ ተጠልፋለች አላልኩም፣ ልጄ። ቃሉን ነው የፈራሁት።

ሳቢያን፦ እኔ 16 ዓመቴ ላይ ነው ያነበብኩት። ሽፋኑ ተገንጥሎ፣ በላስቲክ ታስሮ ከክፍል ክፍል ይዞር ነበር። ወንድ ፈለግኩ ብላ ሳታፍር የምታወራ ልጅ ያየሁት ያኔ ነው። በቤታችን እንዲህ የሚባል ነገር አልነበረም። ይሄን ምኑንም አልሰጣችሁም።

የከዚራ ልጅ፦ መጽሐፉን ማን ይንጠቅሽ? «ራሷ መርጣለች» ስትይ ግን የእህቴን ጫማ አስቢ።

ሳቢያን፦ የእህትሽ ሌላ ነው።

የከዚራ ልጅ፦ ምኑ ነው ሌላው? እሱን ንገሪኝ።