የታሰረ መርከብ ስለ ማዕበሉ ምን ይነግረናል?

መርከበኛው፦ ሰላም ለሁላችሁ። አንጎላ ባሕር ላይ በሰንሰለት በታሰረ የነዳጅ ማምረቻ መርከብ ነው የምሠራው። ማዕበል የሚለካው ተንሳፋፊ መሣሪያችን ተበላሽቷል። መርከቡ ግን እንቅስቃሴውን የሚመዘግብ ሴንሰር አለው። ከሱ የማዕበሉን ከፍታ ማወቅ ይቻላል?

ሳሚ፦ በደንብ ይቻላል። መርከቡ ለ1 ሜትር ማዕበል በየፍሪኩዌንሲው (ማዕበሉ በሰከንድ ስንት ጊዜ እንደሚመላለስ) ስንት እንደሚንቀሳቀስ ከዲዛይን ሰነዱ ታገኛለህ። የእንቅስቃሴውን ስፔክትረም፣ ማለትም ጉልበቱ በየፍሪኩዌንሲው እንዴት እንደተከፋፈለ የሚያሳየውን ግራፍ፣ ለዚያ ቁጥር ስኩዌር አካፍለው፣ የማዕበሉ ስፔክትረም ይወጣል። ከግራፉ በታች ያለውን የቦታ ስፋት ስኩዌር ሩት አውጥተህ በ4 ስታባዛው ከፍታውን፣ ማለትም የትልልቆቹን አንድ ሦስተኛ ማዕበሎች አማካይ ከፍታ፣ አገኘህ ማለት ነው። ደግሞ መታሰሩ ጠቅሞሃል፤ ወደፊት ስለማይሄድ ፍሪኩዌንሲው አይዛባም።

ህሊና፦ አጫጭር ማዕበሎች ላይ ግን ተጠንቀቅ። ትልቅ መርከብ ብዙም አይሰማቸውም፣ ስለዚህ ስታካፍል የሴንሰሩን ስህተት ነው የምታገንነው። ለከፍታው ወደ ላይና ወደ ታች የሚሄደውን እንቅስቃሴ ተጠቀም። ወደ ጎን መዘንበሉ ለስሌት አስቸጋሪ ነው፤ ማዕበሉ ከግራ ይምጣ ከቀኝ ለመለየት ግን ያስፈልግሃል። ከደቂቃ በላይ የሚፈጀውን ቀስ ያለ የፊትና የኋላ እንቅስቃሴ አጣርተህ አውጣው፤ እሱ መርከቡ በሰንሰለቱ ተይዞ ሲወዛወዝ የሚፈጠር ነው። ታንኩ ሲሞላና ሲጎድል ደግሞ የሰነዱ ቁጥሮች ይለወጣሉ፣ የዕለቱን ጭነት ሳታይ እንዳትጀምር።

መርከበኛው፦ ታንኩን ጭራሽ አላሰብኩትም ነበር! ተባረኪ፣ ዛሬ ማታ እሞክረዋለሁ።