በትኬት ላይ ያለው የበረራ ቁጥር ምን ይነግረናል?

ጥያቄ፦
ሰላም ለሁላችሁ። በቆረጥኩት ትኬት ላይ ለመሄጃው ጎዶሎ፣ ለመመለሻው ደግሞ ቀጣዩ ሙሉ ቁጥር ተጽፏል። ይበልጥ ግራ ያጋባኝ ግን፣ ቁጥሩ የአንድ አየር መንገድ ሆኖ ሳለ በረራውን የሚያከናውነው ሌላ አየር መንገድ መሆኑ ከሥሩ በትንንሽ ፊደላት መጠቀሱ ነው። ቁጥሮቹ የሚሰጡት በሥርዓት ነው ወይስ በዘፈቀደ? የምታውቁ ብታስረዱኝ ምስጋናዬ የላቀ ነው።

መልስ 1፦
ከሁሉ በፊት መታወቅ ያለበት፣ የበረራ ቁጥር የአውሮፕላኑ መለያ አለመሆኑ ነው። አውሮፕላኑ የራሱ የምዝገባ ምልክት አለው፤ እሱም አብዛኛውን ጊዜ ወደ ጭራው አካባቢ ተጽፎ ይታያል። የበረራ ቁጥር የሚሰጠው ለጉዞው ነው። ስለዚህ ዛሬና ነገ በአንድ ቁጥር የሚበሩት ሁለት የተለያዩ አውሮፕላኖች ሊሆኑ ይችላሉ፤ አንዱ በረራ ከሌላው የሚለየው ቁጥሩ ከቀኑ ጋር ሲጣመር ነው። የትናንቱ በረራ ዘግይቶ ከዛሬው ጋር በአንድ ቀን የሚነሳ ከሆነ፣ ሁለቱ እንዳይምታቱ በዘገየው ቁጥር መጨረሻ ላይ አንድ ፊደል ይጨመራል፣ አለዚያም ሌላ ቁጥር ይሰጠዋል።

ከፊት ያሉት ሁለት ምልክቶች ዓለም አቀፉ የአየር ትራንስፖርት ማኅበር (አያታ) ለአየር መንገዱ የሰጠው ኮድ ናቸው፤ ለምሳሌ ቢኤ የብሪቲሽ ኤርዌይስ፣ ኪውኤፍ የቃንታስ ነው። ተከትሎ የሚመጣው ቁጥር ከአራት አሃዝ አይበልጥም። ከዚህ ውጭ ያለው በአየር መንገዱ ምርጫ የሚወሰን ነው። መሄጃውን ጎዶሎ፣ መመለሻውን ሙሉ ማድረግም ብዙዎች የሚከተሉት ልማድ እንጂ ሕግ አይደለም። በአሜሪካ ደግሞ በአቅጣጫ መለየት የቆየ ልማድ ነው፤ ወደ ምሥራቅና ወደ ሰሜን ለሚሄዱት ሙሉ፣ ወደ ምዕራብና ወደ ደቡብ ለሚሄዱት ጎዶሎ ይሰጣል።

መልስ 2፦
ትንንሾቹ ቁጥሮች በአብዛኛው አየር መንገዱ ለሚኮራባቸው መስመሮች እንደሚቀመጡም ልጨምር። ብሪቲሽ ኤርዌይስ፣ ከድምፅ የሚፈጥነው ኮንኮርድ አውሮፕላን እ.ኤ.አ. በ2003 አገልግሎት እስካቆመበት ጊዜ ድረስ ቢኤ 1ን ከለንደን ወደ ኒው ዮርክ ለሚበርበት ጉዞ ይጠቀምበት ነበር። የቃንታስ ኪውኤፍ 1 ከሲድኒ ተነሥቶ በሲንጋፖር በኩል ለንደን ይደርሳል፤ በመካከል ቢያርፍም ቁጥሩ አይለወጥም። በቻይናውያን ዘንድ 8 የመልካም ዕድል ቁጥር ስለሆነ፣ የአሜሪካው ዩናይትድ አየር መንገድ በሳን ፍራንሲስኮና በቤጂንግ መካከል ለሚያደርገው በረራ 888ን መርጦ ነበር።

ከከባድ አደጋ በኋላ ደግሞ ብዙ ጊዜ ቁጥሩ ከአገልግሎት እንዲወጣ ይደረጋል። የማሌዥያ አየር መንገድ ኤምኤች 370 እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2014 ከጠፋ በኋላ፣ በቀናት ውስጥ የኳላ ላምፑር–ቤጂንግ በረራ ኤምኤች 318 ተብሏል። ለተጎጂ ቤተሰቦች ክብር ሲባል ይህ ተገቢ ነው ብዬ አምናለሁ።

ጠያቂው፦
ሁለታችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። የሁለቱ አየር መንገዶች ጉዳይስ?

መልስ 3፦
እሱ ኮድ ሼር ይባላል። አየር መንገዶች ሲስማሙ፣ አንዱ በሚያበረው አውሮፕላን ላይ ሌላው በራሱ ኮድና ቁጥር መቀመጫ ይሸጣል። በመነሻ ሰሌዳው ላይ በአንድ ሰዓትና በአንድ በር ፊት ሦስት አራት ቁጥሮች ሲፈራረቁ የሚታየው በዚህ ምክንያት ነው። እርስዎም ወደ ኤርፖርት ሲሄዱ መፈለግ ያለብዎት በትንንሽ ፊደላት የተጻፈውን፣ በረራውን የሚያከናውነውን አየር መንገድ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ ተሳፋሪውን የሚመዘግበውም ሆነ ሻንጣ የሚቀበለው እሱ ነውና፣ ተርሚናሉንም በእሱ ስም ያረጋግጡ።

መልስ 1፦
አንድ ነገር ልጨምር፤ አብራሪውና የአየር ትራፊክ ተቆጣጣሪው በሬዲዮ የሚጠቀሙበት መጠሪያ ከትኬቱ ቁጥር ሊለይ ይችላል። 1256 እና 1265 የተባሉ ሁለት በረራዎች በአንድ ሞገድ ላይ ቢገናኙ፣ ለአንዱ የተሰጠውን ትእዛዝ ሌላው ሊፈጽመው ስለሚችል አደገኛ ነው። ስለዚህ አንዳንድ አየር መንገዶች ለሬዲዮው ቁጥርና ፊደል የተቀላቀለበት ሌላ መጠሪያ ይሰጣሉ። በበረራ መከታተያ መተግበሪያ ላይ ትኬትዎ ላይ ከሌለ መጠሪያ ጋር ቢገናኙ፣ ያው የእርስዎ በረራ ሊሆን ስለሚችል መነሻውን፣ መድረሻውንና ሰዓቱን ያመሳክሩ።