ኤክስቢፒ1 ጄል ላይ ሦስተኛ ባንድ ለምን ይወጣል?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልን፣ ከደብረ ማርቆስ ነን። ሴሎቹን በቱኒካማይሲን (ስትረስ በሚፈጥር መድኃኒት፣ 2 ማይክሮግራም በሚሊሊትር) ለ6 ሰዓት አቆይተን የኢንዶፕላዝሚክ ሬቲኩለም ስትረስን (ፕሮቲን በሚታጠፍበት የሴል ክፍል ላይ የሚደርስ ጫናን) በኤክስቢፒ1 (በዚህ ጫና ጊዜ አርኤንኤው በሚቆረጥ ጂን) እየተከታተልን ነው። የፒሲአር (ዲኤንኤ የማባዣ ዘዴ) ውጤቱን ጄል ላይ ስናየው ከሁለቱ ባንዶች (ከተቆረጠውና ካልተቆረጠው ዓይነት) በላይ ሦስተኛ ይታያል። ብክለት ይሆን?

መልስ 1፦ ብክለት ላይሆን ይችላል። አይአርኢ1 (በስትረስ ጊዜ የሚነቃ ኢንዛይም) ከአርኤንኤው የሚያወጣው 26 ኑክሊዮታይድ (ፊደል) ብቻ ስለሆነ፣ ሁለቱ ዓይነት ዲኤንኤዎች በፒሲአሩ መጨረሻ ተጣምረው በጄል ውስጥ የሚዘገይ ድቅል ይፈጥራሉ። የፒሲአሩ ዙር 35 ከሆነ ወደ 28 አውርዱት። አጋሮዙ (ጄሉ የሚሠራበት ዱቄት) 3 በመቶ ይሁን፤ በ1 በመቶ 26 ፊደል መለየት ዘበት ነው። ለማረጋገጥ በፒኤስቲ1 ኢንዛይም ቁረጡት፦ የሚበጠሰው 26ቱ ያልወጣለት ብቻ ነው።

መልስ 2፦ ኮንትሮሉ (መድኃኒቱ ያልተጨመረባቸው ሴሎች) ላይ ያንኑ መጠን ዲኤምኤስኦ (የቱኒካማይሲን ማሟሚያ) ጨምሩ። ቢፕን (ሌላ የስትረስ ምልክት የሆነ ፕሮቲን) በዌስተርን ብሎት (ፕሮቲን በፀረ እንግዳ አካል በሚለይበት ዘዴ) የምታዩ ከሆነ ደግሞ፣ እናንተ ከፍታ ላይ ውሃ የሚፈላው 92 ዲግሪ ገደማ ነው፤ ናሙናው 95 ላይ ከተቀመጠ ክዳኑ ይፈናጠራል። 70 ዲግሪ ለ10 ደቂቃ ይበቃዋል።

ጠያቂ፦ ዙሩ 38 ነበር! እናመሰግናለን።