ጤና ኬላው ይደግ ወይስ ይታጠፍ?

የደጋ ልጅ፦
ሰላም ለዚህ ቤት። ረዘም ስለሚል ይቅርታ። ሰሞኑን እናቴን ልጠይቅ አገር ቤት ሄጄ ነበር። የእህቴን ልጅ ትኩሳት ያዘው። ጤና ኬላው ከቤታችን የአሥር ደቂቃ መንገድ ነው። ሰኞ ሄድን፣ ቁልፍ። ማክሰኞ ሄድን፣ አሁንም ቁልፍ። በሩ ላይ የተለጠፈውን የክትባት ፖስተር ፀሐይ በልቶት የሕፃኑ ፊት ነጭ ሆኗል። በመስኮት አጮልቄ አየሁ። አንድ አልጋ፣ አንድ ሚዛን፣ ግድግዳው ላይ በእጅ የተሳለ የቀበሌው ካርታ። ረቡዕ ባጃጅ ተኮናትረን ጤና ጣቢያ ወሰድነው። ሳንባ ምች ነው ተባለ። መድኃኒት ተሰጠው፣ አሁን ደህና ነው።

ጥያቄዬ የመጣው ከዚህ ነው። ጤና ሚኒስቴር እስከ 2035 እ.ኤ.አ. የሚዘልቅ የጤና ኤክስቴንሽን ፍኖተ ካርታ አለው። ባጭሩ እንዲህ ነው። ጤና ጣቢያ አጠገብ ያለ ኬላ ለብቻው መቆሙ ይቀርና ሥራው ወደ ጤና ጣቢያው ይገባል። ራቅ ያለው ሁለገብ ጤና ኬላ ይሆናል፤ ነርስና አዋላጅ ይመደብለታል፣ ያክማል፣ ያዋልዳል። የቀረው መሠረታዊ ኬላ ሆኖ ይቀጥላል።

እኔ ግን ግማሽ መንገድ ለምን እላለሁ። ከ17 ሺህ በላይ ኬላ አለን። ቁልፍ ከሚጠብቅ ቤት ሁሉንም አጥፎ ጤና ጣቢያውን ማጠናከር አይሻልም? ተሳስተሃል የሚል ይምጣ።

ነጭ ጋውን፦
አልተሳሳትክም። ገጠር ውስጥ በአንድ የመጀመሪያ ደረጃ ሆስፒታል ነው የምሠራው። ወላዷ በቃሬዛ ኬላ ትደርሳለች። “ጤና ጣቢያ ሂጂ” ትባላለች። ጤና ጣቢያ ስትደርስ “ሆስፒታል ሂጂ”። እኔ ጋ ስትመጣ ሁለት የሪፈር ወረቀት ይዛለች፣ ደሟ ግን አልቋል። በየመቆሚያው የሚባክነው ሰዓት ነው የሚገድላት።

ደግሞ በሽታውም ተለውጧል። አሁን በየቀኑ የማየው ደም ግፊትና ስኳር ነው። ለዚያ ላብራቶሪ ይፈልጋል፣ በየወሩ የማይቋረጥ መድኃኒት ይፈልጋል። ኬላው ለጊዜው ጥሩ ሠርቷል። ይበቃዋል።

ኤክስቴንሽኗ፦
ዶክተር፣ አክብሬ ነው የምመልስልህ። እኔ ከ1999 ጀምሮ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ ነኝ። አሥረኛ ክፍል ጨርሼ፣ አንድ ዓመት ሠልጥኜ፣ ወደተወለድኩበት ቀበሌ ተመለስኩ። ሕጉ እንደዚያ ነበር። በቀበሌ ሁለት ሴቶች፣ 16 ፓኬጅ ማለትም የሥራ ዘርፍ፣ ከ3 እስከ 5 ሺህ ሰው።

የደጋ ልጅ፣ በሩ ለምን እንደሚቆለፍ ልንገርህ። ፕሮግራሙ ሲነደፍ ከጊዜያችን 75 በመቶውን ቤት ለቤት እንድንዞርበት ነው። ኬላው ውስጥ ቁጭ ብላ የምትውል ኤክስቴንሽን ሥራዋን አልሠራችም ማለት ነው። ቁልፍ ስታይ እኛ መንገድ ላይ ነን።

የእህትህን ልጅ በተመለከተ ግን አዝኛለሁ። ሳንባ ምች ኬላው ላይ መታከም ነበረበት። ይኼን ማከም ከተፈቀደልን ቆይቷል። በሩ ላይ መቼ እንደምንገኝ ካልተለጠፈ ጥፋቱ የኛ ነው፤ አልከራከርም።

የደጋ ልጅ፦
እህቴ፣ መንገድ ላይ ከሆናችሁ እናቴ ቤት ለምን አልደረሳችሁም? እናቴ “ከመጡ ዓመት አልፏል፤ የመጡትም የጤና መድን መዋጮ ሊያስከፍሉ ነው” ነው ያለችኝ።

ኤክስቴንሽኗ፦
እናትህ እውነቷን ነው። መዋጮ አስከፍዪ እንባላለን። ስብሰባ ጥሪ እንባላለን። የማዳበሪያ ዕዳ ያለበትን ቆጥረን እንድናመጣም ታዘን እናውቃለን። ቀበሌ ውስጥ እንቢ ብሎ መኖር ቀላል አይደለም። ቤት ለቤት መዞሩን የገደለው እሱ ነው። ታዲያ ለዚያ መድኃኒቱ ኬላውን ማጠፍ ነው?

ቁጥር ስለምትወዱ፣ በ1992 ከሺህ ሕፃናት 166ቱ አምስት ዓመት ሳይሞላቸው ይሞቱ ነበር። በ2008 ወደ 67 ወርዷል። ሁሉም በኛ ነው አልልም። ያወረደው ሆስፒታል ነው የሚል ካለ ግን ይምጣና እንተያይ። በ1997 ጤና ተቋም ሄዳ የወለደች ከመቶ 5 ብቻ ነበረች። በ2011 48 ደርሳለች። ያቺን እናት አሳምኖ፣ አማቷን ተለማምጦ፣ ቀኗን ቆጥሮ ወደ እናቶች ማቆያ የወሰዳት ማን ነው?

ነጭ ጋውን፦
48 ማለት እኮ 52ቱ ቤታቸው ወለዱ ማለት ነው። እኔ የምቆጥረው እሱን ነው።

ጡረተኛው፦
ልጆች፣ እኔ በደርግ ጊዜ ጤና ረዳት ነበርኩ። እ.ኤ.አ. በ1978 አልማ አታ ላይ በተደረገው ዓለም አቀፍ የጤና ጉባኤ “ጤና ለሁሉም እስከ 2000” ሲባል ሬድዮ ላይ ሰምተን አጨብጭበናል። ከዚያ በየገበሬ ማኅበሩ የማኅበረሰብ ጤና ወኪል ተመለመለ። አጭር ሥልጠና ወሰዱ፣ የመድኃኒት ሣጥን ተሰጣቸው። “ክፍያችሁ ከገበሬ ማኅበሩ ነው” ተባሉ። እኔ በማውቃቸው ማኅበራት የከፈለ አልነበረም። ሣጥኑ ባዶ ሲሆን ሰውየውም ወደ እርሻው ተመለሰ።

የኤክስቴንሽን ፕሮግራም እ.ኤ.አ. በ2003 ሲጀመር ከዚያ የተለየበት አንድ ነገር ደመወዝ ነው። እነዚህን ልጆች መንግሥት ቀጠራቸው። ስለዚህ ሃያ ዓመት ቆዩ። ማጠፍ፣ ማሳደግ የምትሉትን ትቼ እኔ የምጠይቀው ሣጥኑ ውስጥ ምን አለ ብዬ ነው።

በረኸኛው፦
እኛ አፋር ውስጥ ደግሞ ኬላው ቆሞ ይቀራል፣ ሰዉ ይሄዳል። ዝናብ ሲጠፋ መንደሩ ግመሉን ጭኖ ይነሳል። ይታጠፍ ይደግ የሚለው ክርክር የደጋ ክርክር ነው። ለኛ አብሮ የሚሄድ ሰው ነው የሚያስፈልገን። እኛ ጋ ወንዶችም ኤክስቴንሽን ሆነው የተመለመሉት በዚህ ምክንያት ነው።

አወያይ፦
ሁለት አስተያየት ሰርዣለሁ። ዘርና ፓርቲ እዚህ አይገባም። ቀጥሉ።

ሒሳብ ሹም፦
ወረዳ ፋይናንስ ነው የምሠራው። ሁላችሁም ቤት ስታፈርሱና ስትሠሩ ዋላችሁ፣ ብሩን የጠየቀ የለም።

ወረዳ ላይ ያለውን ላሳያችሁ። ለጤና ጽሕፈት ቤቱ የተመደበው በጀት ደመወዝ ሲከፈል ይሟጠጣል። የተረፈችው ለአምቡላንስ ነዳጅ ትሆናለች። ጎማ ከፈነዳ አምቡላንሱ ግቢ ውስጥ ይቆማል፤ ሹፌሩ ደመወዙን እየበላ ጥላ ሥር ይቀመጣል። እሱን ቆሞ ባየሁት ቁጥር ዶክተሩ የሚላት ወላድ ትታየኛለች።

ክትባቱን፣ የወባውን፣ የኤች አይ ቪውን መድኃኒት የሚገዛው በአብዛኛው የውጭ ብር ነው። በ2012 በጀት ዓመት የአገሪቱ የጤና ወጪ ሲጠና ሲሶ ገደማው ከዕርዳታ፣ ሲሶ ገደማው ከሕዝቡ ኪስ ነበር የወጣው። የመንግሥት ድርሻ ቀሪው ነው። ጥር 2017 አሜሪካ ዕርዳታዋን ስታቆም ምን እንደተሰማን ያየ ያውቃል። አቡጃ ላይ እ.ኤ.አ. በ2001 የአፍሪካ መንግሥታት ከበጀታቸው 15 በመቶ ለጤና እንመድባለን ብለው ነበር። እዚያው ነው የቀረው።

አሁን ሁለገብ ኬላ ስትሉኝ እኔ የማስበው ነርስ፣ አዋላጅ፣ የሚያድሩበት ቤት፣ መብራት፣ ውኃ ነው። ሌሊት የሚያዋልድ ቤት ያለ ውኃ አይሆንም። ያለውን ባለሙያ እንኳ መያዝ አልቻልንም። ግንቦት 2017 ሐኪሞችና ነርሶች ሥራ እስከማቆም የደረሱት በደመወዝ እኮ ነው። ስለዚህ እኔ ከሦስት መንገዶች አንዱን ምረጥ ብትሉኝ ጥቂት ሁለገብ፣ ሩቅ ቦታ ላይ ብቻ፣ ሲጀመር ተሟልቶ እላለሁ። ሪባን ተቆርጦ ባዶ የሚቀመጥ አንድም አልፈልግም።

ነጭ ጋውን፦
በዚህ እስማማለሁ። ሩቅ ያለውን አላጥፍም። ቅድም በደፈናው ተናግሬ ነበር።

ከሪያድ፦
እኔ የሰው ቤት ሠራተኛ ነኝ። የእናቴን የማኅበረሰብ ጤና መድን መዋጮ በየዓመቱ ከዚህ የምልከው እኔ ነኝ። ሐሳቡን እወደዋለሁ። በ2003 በ13 ወረዳ ሲሞከር ከመጀመሪያዎቹ አንዱ የኛ ነበር። ድሮ ሰው ሲታመም በሬ ይሸጥ ነበር። አሁን የመድን ደብተሩን ይዞ ይሄዳል።

ግን ባለፈው እናቴ ለደም ግፊቷ ሄዳ “መድኃኒቱ አልቋል፣ ከውጭ ግዢ” ተባለች። በድምፅ መልእክት ምን ብላ ላከችልኝ መሰላችሁ? “ልጄ፣ ደብተሩ ታድሷል፣ መድኃኒቱ ግን አልታደሰም።” ሳቅኩም አለቀስኩም። የሷ መዋጮ ከኔ ደመወዝ ብዙ አይደለም። ጎረቤቷ ግን “ከፍዬም ከኪሴ የምገዛ ከሆነ ምን አደከመኝ” ብላ ዘንድሮ አላደሰችም። ጤነኛው እየተወ የታመመው ብቻ ከቀረ ያ ቋት ስንት ዓመት ይቆያል?

ሒሳብ ሹም፦
እህቴ፣ ትክክል ብለሻል። እሱ ነው ሌሊት እንቅልፍ የሚነሳኝ። ጤና ጣቢያው መድኑ ገንዘቡን ካልመለሰለት መድኃኒት አይገዛም። መድኃኒት ከሌለ አባል አያድስም። አባል ካላደሰ መድኑ የሚመልሰው ብር የለውም። ከየት ተነስቶ እንደሚቆረጥ ብነግራችሁ ደስ ይለኝ ነበር።

የደጋ ልጅ፦
አሁን ትንሽ ተናወጥኩ። ይታጠፍ ብዬ የመጣሁት ኬላው አልሠራም ብዬ ነው። እንደምትሉት ከሆነ ጤና ጣቢያውም በሚቀጥለው ዓመት መድኃኒት ላይኖረው ነው። እኛ ዕድለኞች ነበርን ማለት ነው። ኤክስቴንሽኗ አለሽ? አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ምርጫው ያንቺ ቢሆን ያንቺ ኬላ የትኛው ይሁን?

ኤክስቴንሽኗ፦
አለሁ፣ ኔትወርክ እየተቆራረጠ ነው። የኔ ኬላ ከጤና ጣቢያው የአርባ ደቂቃ መንገድ ነው። በካርታው ላይ ቅርብ ነው፤ ይታጠፋል። ክረምት ላይ ግን መሐል ያለው ወንዝ ሲሞላ ሁለት ወር ሙሉ አንገናኝም። ካርታውን የሠራው ሰው በበጋ ነው የመጣው መሰለኝ።

ሁለገብ አድርጉልኝ አልልም። አዋላጅ ቢመድቡልኝ የት ታድራለች? እኔ ራሴ የማድረው እናቴ ቤት ነው። የምፈልገው ሦስት ነገር ነው። የማያልቅ መድኃኒት። መዋጮና ማዳበሪያ የሚያስከፍል ሌላ ሰው። ሦስተኛ ባልደረባ፣ አንዳችን ስንዞር አንዳችን በር እንድንከፍት። አብራኝ የምትሠራው ወሊድ ላይ ናት፤ ለብቻዬ ከሆንኩ አራት ወር ሆነኝ።

ባለፈው ሐሙስ የአንድ ሕፃን ክንድ በሜትሯ ስለካ ቀይ ላይ አረፈች፤ ከባድ የምግብ እጥረት ማለት ነው። እናቱ “ደህና ነው፣ ይበላል” አለችኝ። ያ ልጅ ጤና ጣቢያ በራሱ አይሄድም፤ እናቱ አልታመመም ብላለቻ።

የደጋ ልጅ፦
አሁን እንዴት ነው ልጁ?

ኤክስቴንሽኗ፦
አልሚ ምግቡ ነበረኝ፣ ጀምሬዋለሁ። ካርቶኑ ውስጥ የቀረው ለሱ ሁለት ሳምንት ይበቃል። ነገ የክትባት ቀን ነው፣ በሩ ክፍት ነው። በረዶውን ለማምጣት በሌሊት ጤና ጣቢያ መሄድ አለብኝ። ደህና እደሩ።